የመኖሪያ ቤት የእሳት መከላከያ መሣሪያዎች አመራረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው አነጋገር ለልዩ ልዩ ጉዳይ እንደ ምሳሌ ሲጠቀስ የኖረ ቢሆንም፣ ቃል በቃል ሲወሰድ ስለ ራሱ ስለ እሳት የተነገረ የምሕንድስና እውነት ነው። እሳት ገና በጭላንጭሉ ሳለ በቅጠል ይጠፋል፤ ጥቂት ደቂቃዎች ካለፉት ግን በቦቴ ውኃም በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ የመኖሪያ ቤትን ከእሳት ለመጠበቅ የሚመረጥ መሣሪያ ሁሉ ሊመዘን የሚገባው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «ለቤተሰቡ ስንት ደቂቃ ይሰጠዋል?» የሚል ነው።

በዚህ ረገድ በምሕንድስና ባለሙያው ላይ ብዙ ጊዜ አንድ የሚያስገርም ተቃርኖ ይታያል። ቀን በመሥሪያ ቤቱ ለሆቴል፣ ለፋብሪካ ወይም ለመጋዘን ሕንፃ ሲነድፍ የጭስ ጠቋሚውን፣ የማስጠንቀቂያ ደወሉን፣ የውኃ ቧንቧውንና የአደጋ ጊዜ መውጫ ደረጃውን በየቦታቸው ያሰፍራል። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል መስኮት በብረት ፍርግርግ የታጠረ፣ የውጭው በር በሁለት ቁልፍ የተከረቸመ፣ ኮርኒሱም አንዲት የጭስ ጠቋሚ እንኳ የሌለበት ሆኖ ይገኛል። ያለው ብቸኛ መሣሪያ በመኪናው ውስጥ የተቀመጠችው ትንሽ የእሳት ማጥፊያ ናት፤ እርሷም የተገዛችው ለዓመታዊው የመኪና ምርመራ ነው።

ለቤቱ አንድ ነገር ለመግዛት የሚነሣ አባወራም ቢሆን በመጀመሪያ የሚያስበው ቀዩን የእሳት ማጥፊያ ነው። የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው የሚል ነው። በቅድሚያ የተኛውን የሚያነቃ፣ ቀጥሎ የነቃውን የሚያስወጣ፣ ከዚያም የእሳቱን ምንጭ የሚቆርጥ፣ በመጨረሻ እሳቱን የሚያጠፋ መሣሪያ ሊታሰብበት ይገባል።

፩. የጊዜው ማጠር

የዛሬ መኖሪያ ቤት እንደ ትናንቱ አይነድም። የቀድሞው ቤት ዕቃ በአብዛኛው የእንጨት ወንበር፣ የጠፍር አልጋ፣ የጥጥ ፍራሽና የሱፍ ልብስ ነበር። ዛሬ ግን ሶፋውም ፍራሹም ስፖንጅ፣ መጋረጃውና ምንጣፉ ከነዳጅ ዘይት ተረፈ ምርት የተሠራ ክር፣ የተቀረው ዕቃ ፕላስቲክ ሆኗል። ስፖንጅ በባሕርዩ ጠንከር ያለ ነዳጅ ነው፤ ሲነድም ከካርቦን ሞኖክሳይድ በተጨማሪ የሳያናይድ ጋዝ ያመነጫል።

በአሜሪካ የአንደርራይተርስ ላቦራቶሪስ ተመራማሪዎች ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ንጽጽር ይህን በግልጽ ያሳያል። በዘመናዊ የቤት ዕቃ የተሞላው ክፍል እሳት ከተጫረበት በኋላ ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሲቀጣጠል፣ በቀድሞው ዓይነት ዕቃ የተሞላው ክፍል እዚያ ደረጃ ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ወስዶበታል። ሂደቱ እንዲህ ነው፤ ትኩሱ ጭስ በኮርኒሱ ሥር ይጠራቀማል፤ የሙቀት መጠኑ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ከላይ ወደ ታች የሚለቀው ጨረር ወለሉ ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያቀጣጥለዋል። ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ የቀረ ሰው አይተርፍም።

እንግዲህ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የቱንም ያህል ቢፈጥኑ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከየሰፈሩ ጠባብ መንገድ ደርሰው ቱቦ ይዘረጋሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም በመርካቶ ሸማ ተራ በተነሣው ቃጠሎ ጊዜ የመተላለፊያዎቹ መጥበብና መጨናነቅ ለማጥፋቱ ሥራ እንቅፋት መሆኑ ተነግሯል። በመኪና የማይገባባቸው የመኖሪያ ሰፈሮችም ከዚህ የተሻለ ዕድል የላቸውም። የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች የቤተሰቡ ናቸው።

፪. የሚያነቃው መሣሪያ

ሰው በእንቅልፍ ላይ ሳለ የጭስ ሽታ ይቀሰቅሰኛል ብሎ መተማመን ስሕተት ነው። ጭሱ የሚያነቃ ሳይሆን እንቅልፉን ይበልጥ የሚያከብድ ነው፤ በቤት ቃጠሎ ከሚሞቱት መካከል ብዙዎቹ ነበልባሉ ሳይደርስባቸው በጭስ የታፈኑ ናቸው። በባትሪ የሚሠራ የጭስ ማስጠንቀቂያ በኮርኒስ ላይ የምትለጠፍ፣ ከጭልፋ አፍ እምብዛም የማትበልጥ ዕቃ ናት። ይሁንና በአሜሪካ የብሔራዊው የእሳት መከላከያ ማኅበር ጥናቶች እንደሚያስረዱት፣ የሚሠራ የጭስ ማስጠንቀቂያ ባለባቸው ቤቶች በቃጠሎ የመሞት አደጋ መሣሪያው ከሌለባቸው ወይም ከማይሠራባቸው ቤቶች ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በላይ ያነሰ ነው።

መሣሪያው በሁለት ዓይነት ይሠራል። አንደኛው አሜሪሲየም 241 በተባለ እጅግ አነስተኛ የጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አማካይነት አየሩን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ አድርጎ፣ ጭስ ሲገባ የሚፈጠረውን መዛባት የሚለካ ነው፤ ይህ ፈጥኖ ለሚንቦገቦግ እሳት ንቁ ነው። ሁለተኛው በጨለማ ሣጥን ውስጥ የብርሃን ጨረር አሳልፎ፣ የጭስ ቅንጣት ብርሃኑን ሲበትነው የሚያውቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ቀስ እያለ ለሚጨስ እሳት ንቁ ነው። ከከሰል ማንደጃ ተፈናጥራ በስፖንጅ ፍራሽ ላይ ያረፈች ፍም፣ ወይም በግድግዳ ውስጥ የሚግል ሽቦ ለረጅም ጊዜ የሚጨስ በመሆኑ፣ ለኢትዮጵያ ቤት በብርሃን የሚሠራው ይመረጣል።

ሌላም ምክንያት አለ። በብዙ አገር የተጻፈ የአጠቃቀም መመሪያ የማያውቃቸው ነገሮች በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ አሉ፤ የቁሌቱ ጢስ፣ የሚቆላው ቡና፣ የምጣዱ እንፋሎትና የዕጣኑ ጭስ። በጨረር የሚሠራው ዓይነት ለምግብ ማብሰያ ጢስ ይበልጥ ስሱ በመሆኑ በየቀኑ ይጮኻል፤ በሦስተኛው ሳምንት አባወራው ወንበር ላይ ወጥቶ ባትሪውን ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው ጌጥ ነው። ብልሃቱ ባትሪ ማውጣት ሳይሆን ቦታ መምረጥ ነው። ማስጠንቀቂያው ከማድ ቤቱ ምድጃ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ፣ ከግድግዳና ከመብራት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተለይቶ፣ በማድ ቤቱና በመኝታ ክፍሎቹ መካከል ባለው መተላለፊያ ኮርኒስ ላይ ይሰቀላል። ለጥቂት ደቂቃ ዝም የሚያሰኝ ቁልፍ ያለው መሆኑም ሲገዛ መታየት አለበት። ቡና በሳሎን የሚቆላ ከሆነ ማንደጃው በተከፈተ መስኮት አጠገብ እንጂ በመሣሪያው ሥር አይቀመጥም። በማድ ቤቱ ውስጥ ግን የሚያስፈልገው ጭስን ትቶ ሙቀትን የሚለካው ዓይነት ነው፤ ይህም የኮርኒሱ አየር 57 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ይጮኻል እንጂ ለቁሌት አይበረግግም።

የድምፁ መጠን ከ3 ሜትር ርቀት ላይ 85 ዴሲቤል ሊደርስ ይገባል። ሌሊት የመኝታ ክፍል በር መዝጋት ጭስና ሙቀትን ለብዙ ደቂቃ የሚያግድ በጎ ልማድ ነው፤ ሆኖም የተዘጋ በር ድምፅንም ስለሚያዳክም በየመኝታ ክፍሉ አንድ አንድ ቢኖር፣ አንዱ ሲጮኽ ሌሎቹም እንዲጮኹ የተያያዙ ቢሆኑ እጅግ የተሻለ ነው። እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው የቤት ሠራተኛዋ ጉዳይ ነው። በብዙ ግቢ የምትተኛው ከማድ ቤቱ ጋር በተያያዘ ሰርቪስ ክፍል፣ ማለት ከሁሉም ይልቅ ለእሳት በቀረበው ቦታ ነው። በሳሎኑ ሁለት ማስጠንቀቂያ ሰቅሎ የእርሷን ክፍል ባዶ የተወ ሰው ቤቱን ጠበቀ ሊባል አይችልም።

መሣሪያው በየወሩ ቁልፉ ተጭኖ ይፈተናል፤ በየጊዜው ጭር ጭር ማለት ሲጀምር ባትሪው ይለወጣል፤ 10 ዓመት ሲሞላው ግን ቢጮኽም እንኳ በአዲስ ይተካል።

የጭስ ማስጠንቀቂያ የማያውቀው አንድ ገዳይ አለ፤ እርሱም ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ነው። በክረምት ብርድ ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በር ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ እሳት ሳይነሣ ሊያልቅ ይችላል። ለዚህ የሚያገለግለው ማስጠንቀቂያ ለብቻው ይሸጣል፤ በአውሮፓው ደረጃ መሠረት በአየሩ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን 300 እጅ ሲደርስ በ3 ደቂቃ ውስጥ መጮኽ አለበት። ሆኖም ይህ መሣሪያ ከሰል ይዞ ለመተኛት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። በጋዝ ሲሊንደር የሚያበስል ቤት ደግሞ የጋዝ ጠቋሚውን ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ማኖር ይገባዋል፤ የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ የሚጠራቀመው እንደ ውኃ ወለል ላይ ነውና።

፫. የሚያስወጣው መሣሪያ

ሌባን ለመከላከል የተሠራው የመስኮት ፍርግርግ በቃጠሎ ጊዜ ቤተሰቡን የሚያስር ወህኒ ይሆናል። ፍርግርግ ፈጽሞ ይነሣ ማለት ለብዙ ሰው የማይቻል ምክር ነው። የሚቻለው ግን በየመኝታ ክፍሉ ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ በማጠፊያ እንዲከፈትና ከውስጥ ያለ ቁልፍ በሚለቀቅ መቀርቀሪያ እንዲያዝ ማድረግ ነው። ይህን ማንኛውም የብረታ ብረት ሠራተኛ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። የውጭ በር ቁልፍም ልጆች በሚያውቁትና በሚደርሱበት፣ ከመስኮት ግን እጅ በማይገባበት ቦታ ሌሊቱን ሁሉ ይሰቀላል። በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ መውጫው ደረጃው ብቻ ስለሆነ በደረጃው መተላለፊያ የተከማቸ ከሰል፣ ፍራሽና አሮጌ ዕቃ የግል ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 በለንደን የግሬንፌል ሕንፃ የደረሰው ቃጠሎ ለዚህ ትልቅ ትምህርት ነው። እሳቱ የተነሣው በአራተኛው ፎቅ ካለ የአንድ ቤት ማቀዝቀዣ ነበር። የዚያን ቤት ነዋሪ ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው የጭስ ማስጠንቀቂያው ነው፤ ጎረቤቶቹን አንቅቶ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጠርቶ ወጣ። ነገር ግን የሕንፃው የውጭ ልባስ ተቀጣጣይ በመሆኑና ነዋሪዎቹ በየቤታቸው እንዲቆዩ የተሰጣቸው ምክር ሳይለወጥ በመዘግየቱ 72 ሰዎች ሞቱ። ማስጠንቀቂያው ሥራውን ሠርቷል፤ ደቂቃ ሰጥቷል። የተሰጠው ደቂቃ የሚጠቅመው ግን ክፍት መንገድ ሲያገኝ ብቻ ነው።

፬. ምንጩን የሚቆርጠው መሣሪያ

በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው የኤሌክትሪክ ጭነት የእንጀራ ምጣድ ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ያህል ይፈልጋል። በገበያ የሚገኘው ተራ የሶኬት ማከፋፈያ ግን ብዙውን ጊዜ ለ10 አምፔር የተሠራ ነው። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከአምፔሩ ጋር እኩል የሚያድግ ሳይሆን በአምፔሩ ካሬ የሚያድግ መሆኑን ለዚህ ጉባኤ ማስታወስ አያስፈልግም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ሁልጊዜ የሚደጋገመው ስሕተት ደግሞ ይህ ነው፤ ምጣዱ ሲሰካ ብሬከሩ ይወድቃል፤ አንድ ሠራተኛ ይጠራና የ16 አምፔሩን ብሬከር በ32 ይለውጠዋል፤ «ተስተካከለ» ተብሎ ይከፈለዋል። በእውነቱ የተስተካከለ ነገር የለም፤ ብሬከሩ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ከዚያ ቀን ጀምሮ በኮርኒሱ ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ እንዲሠራው ተፈርዶበታል። ትክክለኛው መፍትሔ ለምጣዱ ከማከፋፈያ ሣጥኑ የሚነሣ የራሱ መስመር፣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ 20 አምፔር ብሬከርና የምድር ሽቦ ነው።

በዋናው ሣጥን ላይ የሚገባው የ30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ ጠባቂ ሰውን ከመያዝ ያድናል፤ በአረጀ ሽፋን በኩል ወደ ምድር በሚፈስ ኤሌክትሪክ ምክንያት የሚነሣን እሳትም ይከላከላል። ነገር ግን ከመጠን ያለፈን ጭነት አያውቅም፤ ያ የብሬከሩ ሥራ ነው። የላላ ማያያዣ ሲግል ደግሞ ሁለቱም አያውቁም። ለዚህ መድኃኒቱ በየጊዜው ኃይሉን ቆርጦ ብሎኖቹን ማጥበቅና የጠቆረ ሶኬት ሲታይ ሳይውል ሳያድር መለወጥ ነው።

፭. የሚያጠፋው መሣሪያ

የእሳት ማጥፊያ በመጨረሻ የተነሣው ስለማይጠቅም አይደለም፤ ነቅቶ በቆመ፣ መውጫው ከኋላው ክፍት በሆነ ሰው እጅ ብቻ ስለሚጠቅም ነው።

በገበያ ያሉት ማጥፊያዎች ከልዩ ልዩ አገር ስለሚመጡ በላያቸው የተጻፈው ፊደል ገዢን ያሳስታል። በአውሮፓ አከፋፈል «ኤ» እንጨት፣ ልብስና ወረቀት፣ «ቢ» ፈሳሽ ነዳጅ፣ «ሲ» ጋዝ፣ «ኤፍ» የምግብ ዘይት ነው። በአሜሪካ አከፋፈል ግን «ሲ» ማለት ኤሌክትሪክ ሲሆን የምግብ ዘይት «ኬ» ይባላል። ስለዚህ «ሲ» የሚል ፊደል ያየ ገዢ የትኛው አገር ደረጃ እንደሆነ ሳይጠይቅ ለኤሌክትሪክ ይሆነኛል ብሎ መደምደም የለበትም።

ለጠቅላላ የቤት አገልግሎት የሚስማማው «ኤቢሲ» የተባለው ደረቅ ዱቄት ነው። ሁለት ኪሎው የሚረጨው ለ10 ሴኮንድ ያህል ብቻ ስለሆነ ለመለማመጃ ጊዜ አይሰጥም። ስድስት ኪሎው ይመረጣል፤ ይሁን እንጂ ከነብረቱ ወደ 10 ኪሎ ስለሚጠጋ እማወራዋ ወይም ትልቁ ልጅ አንሥተው ማነጣጠር ካልቻሉ አራት ኪሎው ይሻላል። ማንሣት የማይቻል ትልቅ ማጥፊያ ከትንሹ ያነሰ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለኤሌክትሪክ ዕቃ ንጹሕ ቢሆንም በጠባብ ክፍል አየር ያሳጣል፤ ለስፖንጅና ለእንጨት ፍምም እምብዛም አይረዳም።

የጋለ ዘይት እሳት የተለየ ጠባይ አለው። ውኃ ሲደፋበት ውኃው ከዘይቱ ሥር ገብቶ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ አንድ ሊትር ውኃ 1,700 ሊትር ያህል እንፋሎት ሲሆን የሚነደውን ዘይት እስከ ኮርኒስ ይረጨዋል። ዱቄትም ነበልባሉን ቢቆርጥ ዘይቱን ስለማያቀዘቅዝ መልሶ ይቀጣጠላል። ትክክለኛው መንገድ ምድጃውን አጥፍቶ ድስቱን በክዳኑ ወይም በእሳት ማፈኛ ጨርቅ ሸፍኖ እስኪቀዘቅዝ ሳይነኩ መተው ነው። ይህ ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ ዋጋው አነስተኛ ነው፤ የሚሰቀለውም ከምድጃው በላይ ሳይሆን በማድ ቤቱ በር አጠገብ ነው።

ማጥፊያ ሲገዛ መለያ ጽሑፉ የተሟላ፣ የግፊት መለኪያው መርፌ በአረንጓዴው ክልል ያለ፣ ማኅተሙ ያልተነካ፣ ቀፎው ያልዛገ መሆኑ ይታያል፤ በየዓመቱም በባለሙያ ይመረመራል። መለኪያ የሌለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ዓይነት በሚዛን ይመረመራል። ከዚህም በላይ ሁሉም የቤቱ ሰው አንድ ሕግ ይወቅ፤ እሳቱ ከቆሻሻ ቅርጫት ከበለጠ ወይም ጭሱ ፊት ለፊት ከመጣ ማጥፊያው ይጣላል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ይወጣል። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ጥሪ ቁጥር 939 የሚደወለውም ከውጭ ሆኖ ነው።

፮. የአገዛዙ ቅደም ተከተል

ለምሳሌ ያህል በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት መኝታ ክፍል ያለው አንድ ቤተሰብ ይወሰድ፤ ባልና ሚስት፣ ሦስት ልጆችና በሳሎን የምትተኛ ሠራተኛ። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የማይበቃ ከሆነ በመጀመሪያው ወር በብርሃን የሚሠሩ ሁለት የጭስ ማስጠንቀቂያዎች ይገዛሉ፤ አንዱ ለሳሎኑ፣ አንዱ ለልጆቹ ክፍል። በዚያው ሳምንት ያለ አንዳች ወጪ የበሩ ቁልፍ ቦታ ይወሰናል፤ ደረጃው ይጸዳል፤ ልጆቹም ሌሊት ደወል ቢሰሙ የት እንደሚሰባሰቡ አንድ ጊዜ ይለማመዳሉ። በሁለተኛው ወር የምጣዱ መስመር ይስተካከላል። በሦስተኛው የእሳት ማፈኛው ጨርቅና ማጥፊያው ይመጣሉ። ከሰል ወይም ሲሊንደር የሚጠቀም ከሆነ የሁለቱ ጋዞች ጠቋሚዎች ይከተላሉ፤ እስከዚያው ድረስ ግን ማንደጃው በረንዳ ላይ ያድራል።

ክቡራን ባልደረቦች፤

ከላይ ከተዘረዘረው ውስጥ ለዚህ ጉባኤ አባላት አዲስ የሆነ ሳይንስ የለም፤ እንግዳ ሊሆን የሚችለው ሳይንሱ ወደ ራስ ቤት መግባቱ ነው። የመኖሪያ ቤት ንድፍ የሚሠራ መሐንዲስ ለምጣዱ የተለየ መስመር፣ ለጭስ ማስጠንቀቂያው አንዲት ነጥብ፣ ለመስኮቱ ፍርግርግ አንድ ማጠፊያ በወረቀቱ ላይ ቢያሰፍር የሚጨምረው ወጪ ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ባለቤቱ ሳይጠይቀው የሚያደርገው መሐንዲስ ሙያውን አከበረ ይባላል። ይህን ለሌላው ከመምከሩ በፊት ግን እያንዳንዱ አባል ዛሬ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ኮርኒሱን፣ የመስኮቱን ፍርግርግና የምጣዱን ሶኬት ተራ በተራ ይመልከት፤ ከዚያም ሁሉም ሲተኛ አንድ ነገር ቢጨስ ቤተሰቡን የሚያነቃው ምን እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ «ምንም» ከሆነ የነገው የመጀመሪያ ግዢ ምን እንደሚሆን ታውቋል።